ዲስኩ አልተቆለፈም፤ ተዉት

ባለፈው ሳምንት በምሠራበት ቢሮ አንድ ትእዛዝ በኢሜይል ወረደ። ሰርቨር በተነሣ ቁጥር የሊኑክስ ሬይዶች (ብዙ ዲስኮችን እንደ አንድ የሚያሠሩ ስብስቦች፣ «አሬይ» የምንላቸው) በሙሉ በስክሪፕት ወደ ሪድ ራይት፣ ማለትም ወደሚጻፍባቸው ሁኔታ፣ ይግቡ ተባለ። ምክንያቱ? አንድ አለቃ የሬይዶችን ሁኔታ በሚያሳየው ፋይል፣ በኤምዲስታት ላይ «አውቶ ሪድ ኦንሊ» (እስኪጻፍበት ለንባብ ብቻ) የሚል ቃል አዩና «ሲስተሙ ተቆልፏል!» አሉ።

ምን ተቆልፎ! ያዩት እኮ የስዋፕ (ሜሞሪ ሲጠብ የሚያግዘው የዲስክ ቦታ) አሬይ ነው። ሰርቨሩ ሜሞሪ ስላልጠበበው ስዋፕ አልነካም፤ ስለዚህ እስካሁን ማንም አልጻፈበትም። የመጀመሪያው ነገር ሲጻፍበት የሊኑክስ እምብርት የሆነው ከርነል ራሱ ይከፍተዋል። ገርበብ ያለን በር በካልቾ መምታት ምን ይባላል?

እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። አሬዩ ተነሥቶ እስኪጻፍበት ያለችው ጊዜ በነፃ የተሰጠችን የማያ ዕድል ናት። ያኔ ሪሲንክ (ዲስኮቹን እርስ በርስ ማመሳሰል) አይጀምርም፣ ሱፐርብሎክም (ዲስኩ ላይ ያለው የአሬዩ መዝገብ) አይነካም። ዴቢያን የተባለው የሊኑክስ ዓይነት ይህን ቅንብር አብርቶ የሚያቀርበው ለጌጥ አይደለም። እኛም የዳታውን አሬይ በእጅ ማውንት የምናደርገው (ፋይሎቹን ለሥራ የምንከፍተው) ለዚሁ ነው።

አንድ ጠዋት፣ መብራት ሄዶ ከመጣ በኋላ፣ ከሁለቱ የሬይድ 1 (አንድ ዓይነት ቅጂ የሚይዙ) ዲስኮች አንዱ ብቻ ተነሣ። የተነሣው ደግሞ ኬብሉ ላልቶ ከወራት በፊት ከአሬዩ የወጣው ነው፤ ማንም ልብ አላለውም ነበር። ሬይድን በሚያስተዳድረው ትእዛዝ፣ በኤምዲአድም ስናየው መጨረሻ የታደሰበት ቀን ጥቅምት ይላል። እኛ ያለነው የካቲት ላይ! አሬዩን አቆምን፣ ጤነኛውን ዲስክ አስነሣን፣ አንድ ፋይል አልጠፋም። ያ ስክሪፕት ቢኖር ኖሮ አሮጌው ዲስክ ጓደኛውን ከዝርዝር ሰርዞ ራሱን ባለቤት ያደርግ ነበር። ሠራተኛውም ቀኑን ሙሉ የዛሬን ሥራ በጥቅምት ዳታ ላይ ይጽፋል።

«ታዲያ ማውንቱን ብቻ ሪድ ኦንሊ አድርጉታ» አለ አንድ ባልደረባዬ። ይሄ ባሰ። ኢኤክስቲ 4 የተባለው የፋይል ሥርዓት በሪድ ኦንሊ ማውንት ሲደረግም፣ ጆርናሉ (የለውጥ መዝገቡ) ላይ ያላለቀ ነገር ካለ ይጨርሳል። ይጽፋል ማለት ነው! አሬዩም እዚያው ይከፈታል። የምር መዝጋት የፈለገ አሬዩን ራሱን በኤምዲአድም ሪድ ኦንሊ ያድርግ፤ ማውንቱ ላይም ጆርናሉን እንዳይነካ «ኖሎድ» ይጨምር።

አንድ ነገር እሰጣቸዋለሁ፤ የማይጻፍበት አሬይ ሪሲንኩ «ፔንዲንግ» (ገና ያልተጀመረ) እንዳለ ሊከርም ይችላል። እሺ፣ አይቶ አንድ ትእዛዝ መስጠት ነው። ሳያዩ፣ ለሁሉም ሰርቨር፣ ሌሊት ማንም በሌለበት ግን ምን የሚሉት ነው?

ስክሪፕቱ ሰኞ ይገባል ተብሏል። እኔ የምይዛቸው ሰርቨሮች ላይ አይገባም፤ ለኢሜይሉም ይህንኑ ብዬ መልሻለሁ።