እሱ ላይ አይቀመጡም!

ባለፈው እሁድ የእህቴ ልጅ አዲስ ቤቷን ልታሳየኝ ጠራችኝ። ስቱዲዮ ኮንዶሚኒየም ናት። በሩን ከፍቶ ጥቂት የተራመደ ሰው መስኮቱ ጋ ይደርሳል። አራተኛ ፎቅ ድረስ ደረጃውን ወጥቼ፣ ዝናቡ አበስብሶኝ፣ ጉልበቴ እየተንቀጠቀጠ ጥግ ላይ ያየኋት ባርጩማ ላይ ላርፍ ዝቅ ስል ጩኸት።

«ጋሼ! እሱ ላይ አይቀመጡም! ዲኮር ነው!»

ግማሽ ወርጄ ቀረሁ። በኔ ዕድሜ ግማሽ ላይ መቆም ቀልድ አይደለም።

ባርጩማዋን ደግሞ አውቃታለሁ። የእናቴ ናት። ሦስት እግር ያላት፣ ካንድ ግንድ ተፈልፍላ የወጣች ዋንዛ። ሚስማር የለባት፣ ኮላ የለባት። እናቴ እሷ ላይ ተቀምጣ ዕድሜ ልኳን ቡና አፍልታለች፣ አምስት ልጅ አጥብታባታለች። አሁን ጡረታ ወጥታ የፕላስቲክ አበባ ተሸክማለች። የአባ ጅፋር ዕቃ ሙዚየም ገብቶ አትንኩ ቢባል ይገባኛል፣ ንጉሥ ናቸው። የእናቴ ባርጩማ ግን መቼ ነው የነገሠችው? በጅማ ምድር ባርጩማ ላይ መቀመጥ ይከለከላል ብትሉኝ አላምንም ነበር።

ዋንዛ ባልኩ ቁጥር ደሜ ይፈላል። የዛሬ ስድስት ዓመት አንድ አናጢ ዋንዛ ነው ብሎ፣ የዋንዛ ዋጋ ተቀብሎ፣ ባህር ዛፍ በቫርኒሽ አጥቁሮ ጠረጴዛ ሠራልኝ። ገና እርጥብ እንጨት ኖሯል። ሲደርቅ ተጣመመ፣ አንዱ እግሩ ወደ መርካቶ አንዱ ወደ ፈረንጅ አራዳ። ሄጄ ብጠይቀው «ጋሼ፣ እንጨት እኮ እስትንፋስ አለው» አለኝ። የኔ ብር ግን እስትንፋሱ ቆሟል። እስካሁን መንገድ ላይ ሲያየኝ ስልክ ያነሳል። ደዋይ የለም እኮ! ጂሬን ላይ ያለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ከ100 ዓመት በላይ በእንጨቱ ቆሞ፣ የኔ ጠረጴዛ አንድ ዓመት አልሞላም።

ወደ ቤቷ ልመለስ። «የራሴን ስታይል ነው ያወጣሁት» አለችኝ። ዞር ዞር ብዬ አየሁ፣ ለማየት እንኳን መዞር አያስፈልግም። ግራጫ ሶፋ፣ እብነበረድ የሚመስል ስቲከር፣ ኮርኒሱን የዞረ ሐምራዊ መብራት፣ የፕላስቲክ ቅጠል። ይሄንኑ «የራሴን ስታይል» ጎረቤቴ ቤት አይቼዋለሁ፣ ጸጉር ቤት አይቼዋለሁ፣ ባለፈው ጥርሴን የነቀልኩበትም ቦታ ነበረ። ቅጠሉ ነው ያናደደኝ። ዱላ ተክለህ የሚያቆጠቁጥበት አገር ቁጭ ብሎ ፕላስቲክ ቅጠል በብር መግዛት! ስቲከሩም አረፋ አውጥቷል። እርጥብ ግድግዳ ላይ ፕላስቲክ ከለጠፍክ እርጥበቱ በየት ይውጣ? ሻጋታው ከጀርባ ኪራይ ሳይከፍል ይኖራል።

እውነቱን ለመናገር መስታወቷ ብልሃት ነው። ከመስኮቱ ትይዩ ሰቅላው በዚያ ሁሉ ደመና ቤቱ ብርሃን አለው። በሚስማር ነው የሰቀለችው፣ ቀናሁ። እኔ በተከራየሁበት ዘመን አከራያችን «ሚስማር እንዳትመቱ» ብላን የሰርግ ፎቷችን ሰባት ዓመት መሬት ላይ ግድግዳ ተደግፎ ኖረ። እንግዳ እያጎነበሰ ነበር እንኳን ደስ ያላችሁ የሚለን። እሷ ግን ኪራይ ስትጨምር ማንንም አትፈራም ነበር።

እናቴ የምትወደው አንድ ተረት አለ፣ «የውጭ አልጋ የቤት ቀጋ»። የምትተርተው ለአባቴ ነበር፤ ጠጅ ቤት ሲያስቅ አምሽቶ ቤት ሲገባ ፊቱን የሚያከፋው ለሷ ነዋ። አባቴ ደግሞ በቀለኛ አልነበረም፣ ትሰድበው ትሰድበውና ያችኑ ባርጩማ አቀብሎ «ተቀመጪና ጨርሺው» ይላታል። የእህቴ ልጅ ቤትም እንዲሁ ነው፣ ለፎቶ አልጋ ለእንግዳ ቀጋ። ይሄን ልነግራት አፌን ስከፍት ቡናው መጣ። በጀበና ነው፣ እሱስ ተርፎልናል። ሶፋው ጫፍ ላይ፣ ትራሶቹ እንዳይዛነፉ ተጠንቅቄ ጠጣሁ።

ስወጣ አብረን ፎቶ ተነሳን። ማታ ላከችልኝ። ባርጩማዋ ጥርት ብላ ወጥታለች፣ ከኔ ጉልበቴ ብቻ ነው የሚታየው።