ገጽ 41

«አሁን ምን እያነበብክ ነው?» የሚሉኝ ሰው መልሴን ፈልገውት አያውቁም። ዛሬ ጠዋትም ደሴ ፒያሳ፣ ከጦሳ የወረደው ጉም የቡና ቤቱን መስታወት ጋርዶት ሳለ፣ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ከፊቴ ተቀመጡና ጠየቁኝ። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። ጥያቄያቸው ሳያልቅ የራሳቸው መልስ ጠረጴዛው ላይ አረፈ፦ የጥንት ሮም ታሪክ፣ ጡብ የሚያክል፣ ርዕሱ ወደ እኔ የዞረ።

«ከዘንዶ ጋር ስለሚዋጋ ባለ ጎራዴ ነው» አልኳቸው። አገዳ የሚመጥ ሕፃን ያዩ ይመስል ፈገግ አሉ። «ይሁና፤ ጊዜ ያሳልፋል።»

ጊዜ ያሳልፋል! የእርሳቸው ዕልባት የሎተሪ ቲኬት ነው፤ ከጥቅምት ጀምሮ ገጽ 41 ላይ ተሸጉጧል። ዕጣው ወጥቶ፣ ባለዕድሉ ብሩን ተቀብሎ ምናልባትም ጨርሶታል፤ ቲኬቱ ግን ንቅንቅ አላለም። የሚጨምረው ሽፋኑ ላይ ያለው የስኒ ቀለበት ብቻ ነው።

ገጹን ያወቅሁት ስልክ ሊያነጋግሩ በወጡ ቁጥር እየሰረቅሁ ስለማነብላቸው ነው። አሁን ዲዮቅልጥያኖስ ዘንድ ደርሻለሁ። እኛ ይህን ንጉሥ የምናውቀው ክርስቲያኖችን በማሳደዱ ነው፤ ዓመተ ሰማዕታት የሚቆጠረውም እርሱ ከነገሠበት ነው። የገበያ አዋጁን ግን ማንም አልነገረኝም ነበር። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ301 ኑሮ ቢወደድበት፣ ከሺህ ለሚበልጡ ዕቃዎችና አገልግሎቶች የዋጋ ጣሪያ አወጣ። ለፀጉር አስተካካይ በአንድ ሰው 2 ዲናር፣ ፊደል ለሚያስቆጥር መምህር በአንድ ልጅ በወር 50። ከዚያ ያስበለጠ በሞት ይቀጣል። ነጋዴውስ ምን አደረገ? ዕቃውን ደበቀ። ይህን ለመረዳት ሮም ድረስ መሄድ አያሻም፤ ሰኞ ገበያ ሽንኩርት ፍለጋ መዞር ይበቃል። ባለፈው ሳምንት «የለም» ያለችኝ ነጋዴ ጆንያው ላይ ተቀምጣ ነበር። ጆንያው ላይ! ልጣጩ ከቀሚሷ ሥር ይታየኛል። ያን አዋጅ ለአንድ ከሰዓት ቢያውሱኝ ብዬ ተመኘሁ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ንጉሡ በ305 ዙፋኑን በፈቃዱ ለቆ አገሩ ገባና ጎመን ተከለ። ተመልሰህ ንገሥ ቢሉት፣ በእጄ የተከልኩትን አትክልት ብታዩ ኖሮ ይህን ባልጠየቃችሁኝ አለ ይባላል። «ጎመን በጤና» ማለት ይኸው አይደል? ከተረቶቻችን ሁሉ እርሱን እወዳለሁ። አያቴ ሥጋ ሲጠፋ ትተርተው ነበር፤ ሥጋ በተገኘ ቀን ግን ከአፏ ሰምቼው አላውቅም።

እኔም ሁሉን በጎመን በጤና አላልፍም። ከስምንት ዓመት በፊት የዘንዶውን ታሪክ ሁለተኛ ቅጽ «ማታ ጨርሼ ነገ አመጣዋለሁ» ብሎ የወሰደብኝ ወዳጄ ዛሬ ኮምቦልቻ ይኖራል። የሐረጎን ቁልቁለት የወረደ መጽሐፍ መልሶ ሽቅብ አይወጣም። በመጀመሪያው ቅጽ ሁለት እጅ የነበረው ጀግና በሦስተኛው በአንድ እጁ ይዋጋል፤ ሌላው እጁ የት ቀረ? ስጠይቀው «አንተ ሰው፣ እስካሁን አልተውከውም?» ይለኛል። የወሰደብኝ በግ ቢሆን ኖሮ ሽማግሌ ይቀመጥልኝ ነበር። መጽሐፉን የሚያስመልስ ግን ስስታም ነው። ወሳጁ? እርሱማ አንባቢ!

ቡናዬ በርዷል። ጋሼ ስልካቸውን ጨርሰው ሲመለሱ መጽሐፉን ቶሎ ዘጋሁት፤ ቲኬቱ ወለሉ ላይ ወደቀ። ጎንበስ ብለው አነሡት፣ በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉትና ወደ መጨረሻው ገደማ፣ ገጹን እንኳ ሳያዩ፣ ሸጎጡት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ግን ያ ዘንዶ ይሞታል?»

«ሁለተኛው ቅጽ ላይ ነው፣ ጋሼ።»