መጀመሪያ ለምን እንደዘገየ ይጠየቅ

«ደጋፊው ገብቶ ሳያልቅ ጨዋታ አይጀመር» ላልከው፦ ወንድሜ፣ ደጋፊው የዘገየው ለምንድን ነው? እሱን ሳንለይ እንዴት እንስማማ!

እኔ ኳስ ለማየት ከዳንግላ ባሕር ዳር እመላለሳለሁ። አንዴ መርዓዊ ላይ የሚኒባሳችን ጎማ ፈነዳና ስደርስ ግማሽ ሰዓት አልፏል። ጥፋቱ የኔና የጎማው ነው። ቀድሞ መጥቶ ፀሐይ ሲያቃጥለው የዋለው ሰው፣ አሟሙቆ የጨረሰው ተጫዋች ምን በወጣው? ጨዋታ እኮ ከነእረፍቱ 105 ደቂቃ ነው፣ ጭማሪው ሳይቆጠር። ማታ ዳንግላ የሚመልሰኝ መኪናም አይጠብቀኝም።

ሌላ ቀን ግን (የት እንደሆነ ይቅር) በጊዜ ደርሼ፣ አንድ በር ብቻ ተከፍቶ፣ ትኬቴ እጄ ላይ በላብ ርሶ የጎሉን ጩኸት ከውጭ ሰማሁት። እዚህ ላይ ካንተ ጋር ነኝ። በር ላይ ግፊያ ካለ ሰዓቱ ይገፋ! በሚያዝያ 1981 ዓ.ም. እንግሊዝ፣ ሼፊልድ፣ ሂልስቦሮ ስታዲየም በር ላይ ሕዝብ ተጨናንቆ ሳለ ጨዋታው በሰዓቱ ተጀመረ፤ በዚያ ቀን መመልከቻው ውስጥ በተፈጠረው መጨፈላለቅ ያለቀው 97 ሰው ነው። ሩብ ሰዓት ቢቆዩ ምን ነበረበት?

ብቻ ሰዓቱ ሲገፋ በድምፅ ማጉያ ውጭ ላለነውም ይነገረን። ካልሰማን መጋፋታችንን አንተውም።