እርማት፦ «ከረገጠበት አልተሰበረም» ልክ አይደለም

ወንድሜ፣ ቤዛዊት ቁልቁለት ላይ ቁርጭምጭሚቱ ለዞረበት ሯጭ «ከረገጠበት አጥንቱ ደህና ነው፤ ወጌሻ ይሸው፣ በሳምንቱ ይሮጣል» ብለሃል። ባሕር ዳር ውስጥ ይህን የማይል የለም፤ ግን ስህተት ነው።

ከጉልበት በታች ሁለት አጥንቶች አሉ። አብዛኛውን ክብደት የሚሸከመው ወፍራሙ ነው፤ በውጭ በኩል ያለው ቀጭኑ የሚሸከመው ጥቂት ነው። ስለዚህ ቀጭኑ ተሰብሮም ሰው እያነከሰ ከዘጌ ጫካ እስከ ጀልባው ሊደርስ ይችላል። ሐኪሞች በ1992 እ.ኤ.አ. ኦታዋ፣ ካናዳ የወጣ መመሪያ አላቸው፦ የቁርጭምጭሚቱ ጉብታ ኋለኛ ጠርዝ ወይም ጫፉ ሲጫኑት ካመመ፣ ሰውየው ቢራመድም ራጅ ያስፈልገዋል። አራት እርምጃ እንኳ ካቃተውማ ጭራሽ አያጠያይቅም።

ማሸቱ ደግሞ የባሰ ነው፤ በቦታው ያለን ስብራት ሊያናጋው ይችላል። (ወጌሻ መናቄ አይደለም፤ ራጅ ሳይታይ አይታሽ ነው የምለው።)

ስብራት ከሆነ ለመግጠም ብዙውን ጊዜ 6 ሳምንት ያህል ይፈልጋል። ከዚያም ቀጥታ ወደ ኮረብታ አይወጣም፤ መጀመሪያ በአንድ እግር መቆም ይልመድ፣ ቀጥሎ ጣና ዳር ደልዳላው ላይ እርምጃ፣ ቁልቁለት መጨረሻ። ልጁን ዛሬውኑ ራጅ እንዲነሳ ንገረው፤ እስከዚያ እግሩን ከፍ አድርጎ ይቀመጥ።