«ካቢሪያ»ን ከአፍሪካ በኩል ሆኖ ማየት

«ካቢሪያ» የተባለውን የድሮ ፊልም መጀመሪያ የከፈትኩት በስልክ ነበር። ሃያ ደቂቃ ሳልሞላ ተውኩት። ሰዎቹ እጃቸውን ያወናጭፋሉ፤ ጽሑፍ ይመጣል፤ ጽሑፍ ይሄዳል። ባለፈው ሳምንት ግን መብራት አጠፋሁ፣ ስልኬን ሌላ ክፍል ትቼ መጣሁ፣ ሦስት ሰዓት ያህል ከቦታዬ ሳልነሳ ጨረስኩት። ከዚያ ወዲህ ከሐሳቤ አልወጣ አለኝ።

ፊልሙ የጣልያን ነው። ጆቫኒ ፓስትሮኔ ሠርቶት በፈረንጆቹ ኤፕሪል 1914 ቱሪን ከተማ ውስጥ ለሕዝብ ቀረበ። ድምፅ አልባ ነው። ታሪኩ ሮምና ካርቴጅ በተዋጉበት ዘመን ይካሄዳል። ካርቴጅ የዛሬዋ ቱኒዝያ ውስጥ የነበረች ከተማ ናት። የኤትና እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ አንዲት ትንሽ የሲሲሊ ልጅ ከሞግዚቷ ጋር ትሸሻለች። የባሕር ወንበዴዎች ይዘዋት ካርቴጅ ላይ ይሸጧታል። ሕፃናት ለሚሰዉለት ሞሎክ ለተባለ ጣዖት መሥዋዕት እንድትሆን ትመረጣለች። አዎ፣ ከመጽሐፍ ቅዱስ ስሙን የምናውቀው ሞሎክ።

የሞሎክ ቤተ መቅደስ መግቢያ የተከፈተ ግዙፍ አፍ ነው። ሰው በዚያ አፍ ይገባል። ውስጥ ክንፍ ያለው ትልቅ ጣዖት ተቀምጧል፤ ደረቱ ይከፈታል፣ ልጅ ይገባበታል፣ ይዘጋል። ከዚያ ከአፉ እሳት ይወጣል። ካህናቱ እጃቸውን ይዘረጋሉ፤ ሕዝቡም አብሮ ይዘረጋል። ለዚህ ትዕይንት ኢልዴብራንዶ ፒዜቲ ለብቻው ሙዚቃ ደርሶለታል፤ ያኔ አዳራሹ ውስጥ በኦርኬስትራና በመዘምራን ይቀርብ ነበር። እኔ በቤቴ ድምፅ ማጉያ ሰምቼው እንኳ ጀርባዬን ቀዝቃዛ ነገር ነካኝ።

ካሜራውን ደግሞ ልብ በሉት። በዚያ ዘመን ካሜራ አብዛኛውን ጊዜ ቲያትር ቤት ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ተመልካች አንድ ቦታ ተተክሎ ነበር የሚቀርጸው። ፓስትሮኔ በሚንሸራተት ጋሪ ላይ ጫነው። ቀስ ብሎ ወደ ሰዎቹ ይጠጋል፣ ቀስ ብሎ ይርቃል። ይኼኔ ከጀርባ የቆመው ግንብ በሥዕል የተሠራ እንዳልሆነ፣ እውነተኛ ጥልቀት ያለው መሆኑን ዓይን ያውቀዋል። ዛሬ በየቪዲዮው የምናየው እንቅስቃሴ ስለሆነ ምንም ላይመስለን ይችላል። መቶ ዓመት ላለፈው ፊልም ግን ትልቅ ነገር ነው። እኔ ሳላስበው ወደ ስክሪኑ እየተጠጋሁ ነበር።

የሚያሳስበኝም ይኸው ነው። ወዴት ነው የሚያስጠጋን?

ፊልሙ ከመውጣቱ ከሦስት ዓመት በፊት፣ በ1911፣ ጣልያን ሊቢያን ወራ ነበር። ከአድዋ ሽንፈቷ ደግሞ 18 ዓመት ብቻ ነው የተቆጠረው። እንዲህ ባለ ጊዜ ለጣልያን ተመልካች የቀረበችው አፍሪካ ሕፃን የምትበላ እሳት ናት። ሮም ደግሞ አዳኝ ናት። በፊልሙ መሐል የሚመጡትን ጽሑፎች የጻፈው ተብሎ ስሙ በትልቁ የወጣው ባለቅኔው ጋብሪኤሌ ዳኑንዚዮ ነው። የሊቢያን ጦርነት በግጥም ያወደሰ ሰው ነው። በ1935 እኛ ስንወረርም ደጋፊ ነበር። ካርቴጅ በእርግጥ ሕፃናትን ትሠዋ ነበር ወይ የሚለውን አርኪዮሎጂስቶች ዛሬም ይከራከሩበታል፤ ወሬውን ጽፈው ያቆዩልን በአመዛኙ ጠላቶቿ ናቸው። ፊልሙ ግን ክርክር አያውቅም። እሳቱን ያሳያል፣ በቃ።

ስለ ማቺስቴም ላንሳ። ልጅቷን ከእሳቱ አፋፍ የሚያወጣት የሮማዊው የፉልቪዮ ባሪያ ነው፤ ጉልበቱ የማይቻል፣ ልቡ የዋህ። የተጫወተው ባርቶሎሜኦ ፓጋኖ የሚባል የጄኖቫ ወደብ ጫኝ ነው። ነጭ ነው፤ ቆዳውን አጥቁረውት ነው የሚጫወተው። ተይዞ በሰንሰለት ከወፍጮ ድንጋይ ጋር ይታሰራል፤ ዓመታት ያልፋሉ፣ እሱ ድንጋዩን ይገፋል። እዚያ ላይ አዘንኩለት፤ ከልቤ አዘንኩ። ሕዝቡም ከማንም በላይ የወደደው እሱን ነበር። በ1915 በራሱ ስም ፊልም ተሠራለት። ያኔ ጥቁረቱ ተነሳለት፤ ነጭ ጣልያናዊ ሆኖ ብቅ አለ። በ1916 ደግሞ በሌላ ፊልም የጣልያን የተራራ ጦር ወታደር ሆነ። ጀግና ሲሆን ጥቁር ሆኖ እንዲቀጥል አልፈቀዱለትም።

ይህን ሁሉ የሚያውቅ ወዳጄ «ታዲያ ለምን ታየዋለህ?» አለኝ። አትዩት የሚለው ምክር አይዋጥልኝም። ከሁሉ በፊት እኛ ልናየው ይገባል እላለሁ። አዲስ አበባ ከተያዘች በዓመቱ፣ በ1937፣ የፋሺስቱ መንግሥት ገንዘብ አፍስሶ ካርቴጅን ስላሸነፈው ስለ ሺፒዮ ሌላ ግዙፍ ፊልም አሠርቷል። ሺፒዮ «ካቢሪያ» ውስጥም አለ። አንዱ ፊልም ሌላውን ወለደው አልልም። ግን ዝሆኑ፣ በረሃው፣ የሚቃጠለው ከተማ፣ ድል አድርጎ የሚመለሰው ሮማዊ፣ ይህ ሁሉ ሥዕል እኛን ሊወጉ የመጡት ወጣቶች ካደጉበት አገር አየር ላይ ነበር። የወረረንን ጦር ትጥቅ ስናጠና ይህንንም አብረን ብናጠና ምን አለበት?

ለማየት ለምትነሱ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የተቆራረጠውንና ሰዎቹ እንደ አሻንጉሊት የሚሮጡበትን ቅጂ ተዉት። በ2006 የታደሰው ወደ ሦስት ሰዓት ይጠጋል፤ ፍጥነቱ ልክ ነው፤ ምስሎቹ ያኔ የተነከሩበት ቀለምም አለው። የካርቴጅ ጦር መሪ ሃኒባል ከነዝሆኖቹ የአልፕስን ተራሮች በረዶ ሲሻገር፣ የግሪኩ ሊቅ አርኪሜዲስ በመስታወት የሮምን መርከቦች ሲያቃጥል ታያላችሁ። ውበቱን ውበት ነው በሉት። እኔ ብዬዋለሁ።

በመጨረሻው ትዕይንት ካቢሪያ አድጋ ከፉልቪዮ ጋር በመርከብ ወደ ሮም ትሄዳለች። ሁለቱ ተቃቅፈዋል። ማቺስቴ ከፊታቸው ተቀምጦ ዋሽንት ይነፋላቸዋል። ምን እየነፋ እንደሆነ አይሰማም። እዚያ ላይ አቁሜ ፊቱን ብዙ ቆይቼ አየሁት።