የሕክምና ተማሪም ቅሬ ያስፈልገዋል

በመጋቢት 2012 የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በአገራችን መገኘቱ ሲነገር፣ እኔ ከደሴ ርቄ በአንድ ኮሌጅ የአራተኛ ዓመት የሕክምና ተማሪ ነበርኩ። የንድፈ ሐሳቡን ትምህርት ጨርሼ ታማሚ ወዳለበት ክፍል ገና መግባቴ ነበር። ብዙም ሳይቆይ መኝታ ክፍላችንን ለቅቀን ወደየቤታችን እንድንሄድ በሰሌዳ ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ሻንጣዬን ይዤ ደሴ ገባሁ። ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት በቴሌግራም የሚነበብ ነገር ይላክልን ነበር። «እንዴት ሰነበትክ?» ብሎ የደወለልኝ መምህር ግን አልነበረም።

የጠየቀኝ የሰፈራችን ቅሬ ነው። በሌላው አካባቢ እድር የሚባለው ማለት ነው፤ እኛ ወሎዎች ግን ቅሬ ስንል ሬሳ ማንሳቱን ብቻ አናስብም። የታመመ ይጠየቅበታል፣ የተጣላ ይታረቅበታል፣ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አንድ ድንኳን ሥር ይቀመጥበታል። በዚያ ሰሞን መሰብሰብ ተከልክሎ ስለነበር የቅሬያችን ዳኛ፣ ማለትም መሪያችን፣ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ከበራችን ራቅ ብለው ቆሙና «ልጄ፣ አንተ የተማርከው ነገር አለ። ይህ በሽታ በምን በምን እንደሚተላለፍ ንገረንና እኛም ለሰዉ እንንገር። አብሽር፣ ያልፋል» አሉኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ቧንቧ የተገጠመለት ጀሪካን ካስቀመጡበት ቦታ ቆሜ ሰው እጁን እንዲታጠብ እረዳ ነበር። ሥራው ትንሽ ነው። ለእኔ ግን እንቅልፌን የመለሰልኝ እሱ ነው። ሳልፈለግ ቤት ተቀምጬ የሞተውን ሰው ቁጥር ከመስማት፣ ስሜን የሚያውቁ ሰዎች መካከል ቆሜ መጠየቅ ተሻለኝ።

በወረርሽኝ ጊዜ የሕክምና ተማሪ የቆመበት ቦታ ግራ የሚያጋባ ነው። ቤተሰቡ እንደ ሐኪም ያየዋል፤ ሆስፒታሉ ገና ተማሪ ነህ ይለዋል። ከኢንተርንነት፣ ማለትም በመጨረሻው ዓመት ሆስፒታል ውስጥ እየሠራ ከሚማርበት ጊዜ፣ በፊት ያለው ደግሞ የሠራተኛ ዝርዝር ውስጥ ስሙ የለም፤ ጓንት ሲያንስ መጨረሻ የሚደርሰው እሱ ነው። በ2013 መጀመሪያ ተመራቂዎቹ ቀድመው ተጠሩ፤ እኛ ቆይተን ተከተልን። ስንመለስ የሁለት የትምህርት ዓመት ተማሪዎች በአንድ የታማሚ ክፍል ተጨናንቀን ነበር። አንድ ጓደኛዬ ተመርምሮ ኮሮና ተገኘበትና ለብቻው አንድ ክፍል ውስጥ እንዲቆይ ተደረገ። ምግቡን ተራ ገብተን በር ላይ የምናስቀምጥለት እኛው ነበርን። መምህራኑ የሰሙት ከአልጋው ከተነሣ በኋላ ነው። ይህን ሳስታውስ ዛሬም ያንገበግበኛል፤ ልጁ ታምሞ የተኛው እነሱ በሚያስተምሩበት ሆስፒታል ግቢ ውስጥ ነበርና።

ደሴ የሚማሩት ደግሞ ከእኛ የባሰ ደርሶባቸዋል። የወረርሽኙ ጭንቀት ሳይለቃቸው በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ከተማዋ ውስጥ ገባ። የሚማሩበት ሆስፒታል ተዘረፈ፤ እነሱም ለሁለተኛ ጊዜ ተበተኑ።

ነገሩ ያለፈ ታሪክ አይደለም። በኅዳር 2018 ጂንካ ላይ የማርበርግ ቫይረስ መገኘቱን ሰምተናል። እናቶቻችን በየዓመቱ ኅዳር 12 ቆሻሻ ሰብስበው የሚያጥኑት በ1911 ሕዝብ የፈጀውን የኅዳር በሽታ እያስታወሱ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ያልተረሳ ነገር ሲመጣ ድንገተኛ ሊሆንብን አይገባም።

የምጠይቀው ተማሪዎች ኮሌጅ በገቡበት በመጀመሪያው ሳምንት ቅሬ እንዲመሠርቱ ነው። ከየዓመቱ የተውጣጡ ስምንት ወይም አሥር ተማሪዎች፣ አንድ መምህር፣ ከመካከላቸው የተመረጠ አንድ ዳኛ። የእያንዳንዱ ቤተሰብ ስልክ በመዝገብ ይያዝ። ወረርሽኝ መጥቶ ግቢው ቢዘጋ ማን ለማን እንደሚደውል ከወዲሁ ይታወቅ። ገንዘብ የለም የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ ይህ ግን ገንዘብ አይፈልግም። ተማሪዎቹ እኮ ግማሹን ሥራ እየሠሩት ነው። አባቱ የሞተበት ልጅ ወላይታም ይሁን ባሌ የሚሳፈርበትን ገንዘብ አዋጥተው የሚሸኙት የመኝታ ክፍል ጓደኞቹ ናቸው። ኮሌጁ የሚጨምረው ዕውቅናና የመምህሩን ሰዓት ነው።

የሚከብደው ሌላው ነው። በታማሚ አልጋ ዙሪያ ተማሪን በጓደኞቹና በታማሚው ፊት ማሸማቀቅ «ማጠንከር» ተብሎ ኖሯል። እኛም እንዲህ ነው ያደግነው የሚሉ መምህራን አሉ፤ ብዙዎቹን አከብራቸዋለሁ። ነገር ግን እንዲህ ያደገ ልጅ ሌሊት እጁ ላይ ሰው ሲሞትበት ለማን ይናገራል? ለሥነ ልቦና ሐኪም እንዳይሄድ፣ ክፍሉ ያለው እሱ ራሱ በሚማርበት ሆስፒታል ነው፤ ወረፋ የሚይዘው ከሚያውቁት ሰዎች ጋር ነው። ተማሪዎች በሌላ ተቋም የሚታዩበት፣ ስማቸውም ወደ ኮሌጁ የማይመለስበት ስምምነት ቢደረግ ስንቱ በጊዜ ይታከም ነበር!

ለከተማችን ሰውም የምለው አለኝ። በኮሮና ጊዜ ኢንተርን ተከራይን «ቤቴን ልቀቅ» ያለ አከራይ እዚሁ ደሴ አውቃለሁ። ፍርሃቱ ይገባኛል፤ ልጆች ነበሩት። ግን እኛ ንጉሥ ሚካኤል ባሠሩት አይጠየፍ አዳራሽ ድሃና ሀብታም አብሮ ይበላ እንደነበር እየሰማን ያደግን ሰዎች ነን። ከሩቅ አገር መጥቶ በየሰፈራችን ተከራይቶ የሚኖር የሕክምና ተማሪ ደሴ ውስጥ ቅሬ የለውም። ቢታመም የሚያየው፣ ቢያዝን የሚያስተዛዝነው ሰፈር የለውም።

ባለፈው ሳምንት ይህንኑ ለቅሬያችን ዳኛ ነገርኳቸው። አሁን አርጅተዋል፤ መዝገቡን ግን አሁንም ራሳቸው ይይዛሉ። ገለጥ አድርገው አዩትና «ባዶ ገጽ አለ። የልጆቹን ስም አምጣልኝ» አሉኝ።