ብርድ ይመታናል!

የደሴና የኮምቦልቻ ሰዎች፣ ዛሬ የምላችሁ ደስ አይላችሁም። እኔንም ደስ አላለኝም።

ሰሞኑን ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚኒባስ እየመጣን ነበር። የመኪናዋ ማርሚታ፣ የጭስ ማውጫው፣ ተበስቷል። የሐረጎን ዳገት መውጣት ስንጀምር፣ ሾፌሩ ነዳጅ በረገጠ ቁጥር ጭሱ በወለሉ ስንጥቅ እየገባ ዓይናችንን አቃጠለን። ከኋላ ሆዷ የገፋ ሴት ነበረች። አፍንጫዋን በነጠላዋ ሸፍና "እባካችሁ መስኮት ክፈቱልኝ" አለች። መስኮቱ ጋ የተቀመጠው ጎልማሳ ዞር ብሎ እንኳ ሳያያት "ብርድ ይመታናል" አለ። ሌላዋ "ልጄን ጉንፋን ይዞታል" ብላ አገዘችው። እርጉዟ ደግማ ለመነች። ረዳቱ "አይዞሽ እህቴ፣ ደርሰናል" አላት። ገና ግማሹን አልወጣንም! ሁላችንም ዝም። ከዚያ በኋላ አልለመነችም። ፌስታል ውስጥ አስታወከች። ያኔ መስኮቱ ተከፈተ። ለእሷ ታዝኖ አይደለም፤ ሽታው አስቸግሮን ነው።

ይህን ይቅር ማለት አልቻልኩም። "ማርያም በሽልም ታውጣሽ" ብለን የምንመርቅ ሰዎች ነን እኮ!

ጭሱ ሳንባ ላይ የሚቀር መስሎን ይሆናል። አይቀርም። የጥቀርሻው ደቃቅ ብናኝ የሳንባን ስስ ግድግዳ አልፎ ደም ውስጥ ይገባል። ከእናቲቱ ደም ወደ እንግዴ ልጁ ይደርሳል። የቤልጂየም ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 እንግዴ ልጁ ውስጥ፣ ያውም በፅንሱ በኩል አገኙት። በ2022 ደግሞ ከስኮትላንድ ባልደረቦቻቸው ጋር በፅንስ ጉበት፣ ሳንባና አንጎል ውስጥ አዩት። አንጎል ውስጥ! ገና አንድ ትንፋሽ ያልሳበ ልጅ። ጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ደግሞ ኦክስጅን የሚጫንበትን የደም ክፍል ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይይዛል። ፅንሱ የሚያገኘው ኦክስጅን በእናቱ ደም የሚመጣው ብቻ ነው። የተበከለ አየር ያለጊዜው ከመወለድና ከክብደት ማነስ ጋር የሚያያዘውም በከንቱ አይደለም።

ጉንፋን በዝንጅብል ሻይ ያልፋል። ይሄ በምን ያልፋል?

ቤታችንም ከዚህ አይሻልም። እርጉዟን ምድጃ ላይ አጎንብሳ እርጥብ እንጨት እፍ የምናስብለው እኛው ነን።

ሾፌሮች፣ ማርሚታ ለማስበየድ ቦሎ እስኪደርስ አይጠበቅም። ገንዘብ የለም አትበሉኝ፤ ለቴፕ ስታወጡ አያለሁ። ስንቶቻችሁ እንደምትሰሙኝ እንጃ። ተቆጥቼም ደከመኝ። ግን አንድ ሁለታችሁ እንኳ ነገ ጠዋት ጋራዥ ጎራ ብትሉ ምን አለ?